የእናቴ የጡት ካንሰር አጥንት ገብቷል ተባልን፤ የምታውቁ ንገሩኝ

የበኩር ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እናቴ 56 ዓመቷ ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። የዛሬ 5 ዓመት ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ሆነች፣ ኬሞም ወሰደች፣ ከዚያ ታሞክሲፌን ታዘዘላት። መሃል ላይ "ድኛለሁ" ብላ ኪኒኑን ትታዋለች፤ ለማንም አልተናገረችም። ካለፈው ሁዳዴ ጀምሮ ወገቧን ያማታል። መጀመሪያ ስግደቱ ነው አልን። ከዚያ ብርድ ነው ተባለ። አንድ ክሊኒክ ዳይክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ እየወጋ ይሸኛታል። ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳት አዲስ አበባ አመጣናትና ኤምአርአይ ተነሳች፤ አከርካሪዋ ላይ ሁለት ቦታ፣ ዳሌዋ ላይ አንድ ቦታ ተሰራጭቷል ይላል። ሳንባና ጉበቷ ንጹህ ነው።

ጥያቄዬ ብዙ ነው። አጥንት ከገባ አለቀ የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ነው? ሐኪሙ እንደገና ናሙና ይወሰድ ይላል፤ አጎቴ ደግሞ ካንሰር ብረት ከነካው ይበተናል ብሎ ድርቅ ብሏል። አክስቶቼ ጎበዝ ወጌሻ አግኝተናል እያሉ ነው። እሷ ራሷ ምንም አታውቅም፤ ዲስክ ነው ብለናታል። ምን ላድርግ?

ሲስተር ከኦንኮ ክፍል፦
ወንድሜ፣ እግዜር ይማርልህ። ሌላው ሁሉ ይቆይና ወጌሻውን አስቁምልኝ። ዛሬውኑ። ወጌሻ ለወለምታ ይጠቅም ይሆናል፣ እሱ ላይ አልከራከርም። ካንሰር የበላው አከርካሪ ግን ሲታሽና ሲጎተት ይደረመሳል፤ ከተደረመሰ ህብለ ሰረሰር ላይ ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ የምናወራው ስለ ወገብ ህመም ሳይሆን ስለ ሽባነት ነው። ወጌሻ ቤት በእግሯ ገብታ በቃሬዛ እኛ ጋ የመጣች እናት አስታምሜያለሁ።

ይሄን ደግሞ ጻፈውና ቤት ውስጥ ለጥፈው። እግሯ ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፣ መቀመጫዋና ጭኖቿ መሃል ስሜት ካጣች፣ ሽንት እምቢ ካላት ወይም ካመለጣት ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል። እዚያ ስትደርሱ "የጡት ካንሰር አለባት፣ አከርካሪዋ ላይ ደርሷል" ብላችሁ ጀምሩ። ወገቧን ያማታል ብቻ ካላችሁ ወረፋ ትይዛላችሁ። እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን ተሰጥቷት፣ ኤምአርአይ ታይቶ፣ ወይ ጨረር ወይ ኦፕራሲዮን በፍጥነት ይደረግላታል። እየተራመደች የደረሰች ሰው አብዛኛውን ጊዜ መራመዷን ትቀጥላለች። እግሯ ከከዳት በኋላ የመጣችውን መመለስ ግን ከባድ ነው።

ሌላም አለ። ውሃ ጥም ከበዛባት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ካላት፣ ሆዷ ከደረቀ፣ ካቅለሸለሻትና መቀባጠር ከጀመረች ከአጥንት የወጣ ካልሲየም ደሟ ውስጥ በዝቶ ሊሆን ይችላል። "ስለከፋት ነው" ተብሎ ይታለፋል። በደም ምርመራ ወዲያው ይታወቃል፣ ይታከማልም።

ስለ አጎትህ፦ ብረት አይበትነውም። ይሄ አባባል የመጣው ብዙ ሰው ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው፤ ሲቀደድ ቀድሞ ተሰራጭቶ የነበረው በኋላ ሲገለጥ ቢላው ይወቀሳል። ናሙናው የሚፈለገው ደግሞ ለወግ አይደለም። የዛሬ 5 ዓመት የነበረው ዓይነትና አሁን አጥንቷ ውስጥ ያለው ሊለያዩ ይችላሉ። ሆርሞን ተቀባይ ነው ወይ፣ ማለትም በሴት ሆርሞን የሚያድግ? ኸርቱ የሚባለው ፕሮቲን አለው ወይ? መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚህ መልስ ነው።

"አለቀ" ላሉህ ሰዎች፣ አጥንት ውስጥ ያለው የጡት ካንሰር ነው እንጂ አዲስ የአጥንት ካንሰር አይደለም በላቸው። የሚታከመውም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። አራተኛ ደረጃ መሆኑን አልደብቅህም፣ ጨርሶ ተጠርጎ ይወጣል ብሎ ቃል የሚገባልህ ካለም ሽሸው። ግን ሆርሞን ተቀባይ ሆኖ አጥንት ላይ ብቻ ከቆመ ብዙዎቹ በዓመታት ነው የሚኖሩት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ከእነዚያ ብዙዎች አንዷ እኔ ነኝ። በ2018 እ.ኤ.አ. ነው ጎድኔና ዳሌዬ ላይ የተገኘው። አሁንም ሥራ እሄዳለሁ፣ የሰው ልጅ እጠብቃለሁ፤ ብቻ ሕፃን ከመሬት ብድግ አላደርግም፣ ቁጭ ብዬ ነው የምታቀፈው።

የምወስደው ሆርሞን የሚቀንሰውን ሌትሮዞልና የካንሰሩን ሴል መባዛት የሚገታውን ራይቦሲክሊብ ነው። ሌትሮዞል በየቀኑ አንድ ፍሬ። ራይቦሲክሊብ 3 ሳምንት ተወስዶ 1 ሳምንት ይታረፋል፤ ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ በየጊዜው ደም ይሰጣል፣ የልብም ኢሲጂ ይነሳል። ሆርሞን ተቀባይ ሆኖ ኸርቱ የሌለባቸው፣ የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናት ሌትሮዞል ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ እስከ 51 ወር ገደማ ሲኖሩ፣ ሁለቱን አብረው ከወሰዱት ግማሾቹ እስከ 64 ወር ገደማ ኖረዋል። ግማሾቹ ማለት ግማሾቹ ነው፤ ከዚያ በላይ የሄደውም ሌላው ግማሽ ነው። እኔ ቁጥር ሳነብ ሁልጊዜ ያንን ወገን ነው የማየው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሳታውቀው እንዳያስደነግጥህ። ሕክምና ከተጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ የአጥንት ስካን ስትነሳ አዲስ ቦታ የበራ ሊመስል ይችላል። እኔ ላይ ሆኗል፣ ባለቤቴ ራት አልበላም። አጥንቱ ሲጠገንም ይበራል። ሐኪሜ "ህመሙ ቀንሷል ወይ?" አለኝ፣ ቀንሷል አልኩት፣ መድኃኒቱን ሳይቀይር ጠበቀና ቀጣዩ ስካን ደህና ሆነ። በአንድ ስካን ብቻ ተስፋ አትቁረጡ።

የበኩር ልጅ፦
እታለም፣ እድሜ ይስጥሽ። አንብቤ አለቀስኩ፣ ግን በደስታ ነው። አጥንት የሚያጠነክር መርፌ እዚያ ይሰጥሽ ይሆን? የአጎቴ ልጅ ዳላስ ነች፣ ዴኖሱማብ የሚባል ልላክ ትላለች።

ፋርማሲ ጥግ፦
አታስልካት። እስቲ ቁጭ ብለን እናውራ።

አጥንት ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ ሁልጊዜ ይገነባል። ሁለት ቡድን ሠራተኛ እንዳለው ቤት በለው። የካንሰሩ ሴል እዚያ ሲገባ አፍራሾቹን ያነሳሳል፤ እነሱ ሲያፈርሱ ከአጥንቱ የሚለቀቀው ነገር ደግሞ ካንሰሩን ይመግባል። ዴኖሱማብም ዞሌድሮኒክ አሲድም አፍራሾቹን የሚያስቆሙ ናቸው። ካንሰሩን አይገድሉም፤ ስብራትን፣ ህመምን፣ የጨረርና የኦፕራሲዮን ፍላጎትን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ከሌትሮዞል ጋር እንጂ በሌትሮዞል ፋንታ አይሰጡም።

ዴኖሱማብ 120 ሚሊግራም ከቆዳ ስር በየ4 ሳምንቱ ይወጋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በሻንጣ ዳላስ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ሲንገላታ ምን እንደሚሆን አስበው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ መቋረጡ ነው። የሚያመጣው ሰው ሲጠፋና መርፌው ሲቋረጥ አፍራሾቹ በአንድ ጊዜ ይነሳሉ፣ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። የአጥንት ችግርን በማዘግየት ከዞሌድሮኒክ ትንሽ ይበልጣል፣ እውነት ነው። ዕድሜ በማራዘም ግን ልዩነት አልታየም።

ዞሌድሮኒክ 4 ሚሊግራም በደም ስር ነው፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይፈጃል፣ አጥንት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ዋጋውም ከዚያኛው በብዙ ይረክሳል። ድሮ በየወሩ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ከ1800 በላይ በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት በየ3 ወሩ መስጠቱ በየወሩ ከመስጠት እንደማያንስ አሳየ። ከክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪማችሁን ጠይቁት።

ያ ዳይክሎፌናክ መርፌ ግን ይቁም። ኩላሊት ይጎዳል፣ ዞሌድሮኒክም ጤነኛ ኩላሊት የሚፈልግ መድኃኒት ነው። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ክሬቲኒን የሚባለውን የኩላሊት የደም ምርመራ ትታያለች። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ኪኒን ታክላለች፣ በተለይ ጾመኛ ከሆነች። የደሟ ካልሲየም ቀድሞ ከፍ ብሎ ከሆነ ግን ኪኒኑን ከሐኪሟ በፊት እንዳትጀምሩ።

ጤና ለሁሉ፦
ይሄ ሁሉ ኬሚካል ለምን? አንድ አባት አውቃለሁ፣ ዱቄት በማር ለውሰው ይሰጣሉ፣ በ40 ቀን ካንሰሩን ያወርዱታል። አጥንት ድረስ የገባም አድነዋል። ስልካቸውን በውስጥ እልክልሃለሁ።

ሲስተር ከኦንኮ ክፍል፦
የስንቱን የመጀመሪያ ምርመራና የመጨረሻ ምርመራ አይተሃል? እኛ ጋ የሚመጡት ከዱቄቱ በኋላ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ ጉበት ሲጎዳ ደግሞ ዋናው መድኃኒትም ይቆማል። የበኩር ልጅ፣ ስልኩን አትቀበል።

ጸበል ግን ሌላ ነው። መሄድ ከፈለገች ትሂድ፣ ኪኒኗን ይዛ። በኤችአይቪ ዘመን ስንቱ መድኃኒቱን ጥሎ ጸበል ቦታ ሲጎዳ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ ብለው አስተምረዋል። እኔ የምለምንህ ሰው ይያዛት፤ የጸበል ቦታ ደረጃ ያዳልጣል፣ ግፊያውም ለእሷ ወገብ አይሆንም። ስግደቱን የነፍስ አባቷን አማክሩና ይተውላት፤ ቆማ ወይም ተቀምጣ ትጸልይ።

አስታማሚ ባል፦
ስለ ህመሙ ማንም አላነሳም። ባለቤቴን የማስታምም ነኝ፣ የእሷም አከርካሪ ላይ ነው።

ጨረር በአንድ ቀን ይሰጣል፣ ይሄን እወቁ። 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ አንድ ጊዜ። ለህመም ማስታገስ በ5 ወይም በ10 ቀን ከሚሰጠው እኩል ነው። ልዩነቱ በአንድ ቀን ከወሰዱት ከ5ቱ 1ዱ ያህል ቆይቶ ድጋሚ ያስፈልገዋል፤ በብዙ ቀን የወሰዱት ከዚያ ያንሳሉ። ለመኝታ ለሚቸገር ሰው አንዱ ቀን ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ህመሙ ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጡ፤ ለውጡ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው የሚመጣው። ለብዙ ዓመት አገር ውስጥ ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን ጅማም አለ። ወረፋ ስላለ ሐኪሙ ጨረር ባለ ቀን ተመዝገቡ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣና ማደሪያ ለሌለው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ አለው፣ ጠይቁ።

ሞርፊን አትፍሩ። እኔ ስሙን ስሰማ ለሚሞት ሰው የሚሰጥ መስሎኝ ነበር፣ ዘመዶቿም ሱስ ይሆንባታል አሉ። ለካንሰር ህመም በልክ ሲሰጥ ሰው ያስተኛል፣ ያስበላል፣ ያራምዳል። ፈሳሹ በየ4 ሰዓቱ ነው፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለክቼ አፏ ውስጥ አደርግላታለሁ፤ ሰዓቱን ስልኬ ላይ ሞልቼዋለሁ። ህመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። አብሮት የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ካልተሰጠ ግን ድርቀቱ ከህመሙ ይብሳል፤ ቢሳኮዲል ሳይጻፍላችሁ ከሐኪሙ ክፍል እንዳትወጡ። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየመጡ ያግዛሉ፤ እነሱ ያሳዩኝን የአገላበጥ ዘዴ ማንም አላሳየኝም። ትከሻዋንና ዳሌዋን አንድ ላይ ነው የምታዞረው፣ ወገቧ እንዳይጠመዘዝ።

ወጣቷ፦
ይቅርታ በሰው ክር ገባሁ። እኔ 38 ነኝ፣ ከዱባይ ታምሜ ነው የተመለስኩት፣ የጭኔ አጥንት ላይ ነው። የወር አበባዬ አልቆመም። ሌትሮዞል ለእኔ ይሆናል?

ሲስተር ከኦንኮ ክፍል፦
እህቴ፣ ለብቻው አይሆንም። ሆርሞን የሚያመነጨው ኦቫሪሽ እየሠራ ሌትሮዞል አያሸንፈውም። መጀመሪያ ኦቫሪው መቆም አለበት፤ ወይ ጎሰሬሊን መርፌ በየ4 ሳምንቱ ሆድሽ ላይ ይወጋል፣ ወይ በኦፕራሲዮን ይወጣል። መርፌው በየወሩ ለማግኘት የሚያስቸግር ከሆነ ብዙዎች ኦፕራሲዮኑን ይመርጣሉ። መመለሻ የለውምና ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለሽ አስቀድመሽ በግልጽ አውሪ።

የጭንሽን ራጅ ደግሞ የአጥንት ሐኪም ይየው። ሸክም የሚችለው አጥንት በጣም ከተበላ ሳይሰበር በፊት ውስጡ ብረት ይገባል። ከተሰበረ በኋላ ከመግባት በብዙ ይቀላል። ስትረግጪ የሚያምሽ ከሆነ እስኪታይ በክራንች ሂጂ።

ከነታንያ፦
ስለ መንገር ልጻፍ። እስራኤል ነው ያለነው፤ እናቴ አማርኛ ብቻ ነው የምትሰማው፣ ዕብራይስጥ የለም። ሐኪሙ እንድንነግራት ሲጠይቅ ወንድሞቼ አስተርጓሚዋን "አጥንትሽ ደክሟል በያት" አሏት። አስተርጓሚዋ እምቢ አለች። ተጣላናት፣ ጮህንባት። ዛሬ ስትመጣ ቡና የምታፈላላት እናቴ ነች።

የማታውቅ ሰው ኪኒን ትተዋለች። አንተም ጽፈኸዋል፣ ታሞክሲፌኑን የተወችው ድኛለሁ ብላ ነው። እግሯ ሲደነዝዝ ማን ይናገራል፣ ዲስክ ነው ብላ ዝም ካለች? በእኛ ባህል መጥፎ ነገር በጠዋት፣ ሰው ሰብስቦ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው፣ ያ ደግ ነው። ግን ይሄ መርዶ አይደለም፣ ሰው አልሞተም። አንድ የምታምነው ሰው ይንገራት፣ ሐኪሙ ባለበት። ከዚያ የፈለገችውን ያህል ትጠይቅ። ስንት ዓመት ቀረኝ ብላ ካልጠየቀች ማንም አይቁጠርላት።

የበኩር ልጅ፦
ሰላም ዘመዶቼ፣ ተመለስኩ። ናሙናው ወጣ። ሆርሞን ተቀባይ ነው፣ ኸርቱ የለም። ሌትሮዞል 2.5 ሚሊግራም ጀመረች፣ ጨረሩን በአንድ ቀን ወሰደች፣ ዞሌድሮኒኩ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። ወጌሻው ቀረ፤ አክስቴ አኩርፋለች፣ ትኩርፍ።

ነገርናት። ታናሽ እህቷ ነች የነገረቻት፣ ሐኪሙም ነበር። ዝም ብላ ሰማችና "ታዲያ ዲስክ ለምን እንደዚህ ያስለቅሳችኋል ብዬ ነበር" አለች። ከዚያ ያቺን ኪኒን ካልተውኳት ኖሮ ይሄ ይቀር ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ሐኪሙ "መውሰዱ እድሉን ይቀንስ ነበር፣ ሳያቋርጡ ወስደውም የሚመለስባቸው አሉ፣ አሁን ያለው ላይ እንሥራ" አላት። አልዋሸም፣ አልወቀሳትም። ወደድኩት።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ራይቦሲክሊቡን አቅማችን አይችልም፤ ያለሱ ሌትሮዞል ዋጋ አለው? ደግሞ ሌትሮዞሉን ለጾም በምን ሰዓት ትዋጥ?

ፋርማሲ ጥግ፦
ዋጋ አለው፣ በደንብ። እነዚህ አዲሶቹ ከመምጣታቸው በፊት ሌትሮዞል ብቻውን ነበር ሴቶችን የሚያቆየው፣ አሁንም ለብዙዎች እሱ ነው ያለው። ሕንድ የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ፓልቦሲክሊብ የሚባል የዚያ ወገን መድኃኒት አለ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እዚያ ፓተንቱ ስላለቀ ርካሽ ቅጂዎች ወጥተዋል። ግን የደም ምርመራ የሚከታተል ሐኪም ሳይኖር ኪኒኑን ብቻ አታስመጡ፣ አንድ እሽግ ገዝቶ ማቋረጥም አይረባም።

ሌትሮዞል ከምግብ ጋር ጉዳይ የለውም። ማታ ከመተኛቷ በፊት ትዋጠው፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት። ጣቶቿና ጉልበቷ ጠዋት ጠዋት ቢገትራት ከኪኒኑ ሊሆን ይችላል፣ ስትንቀሳቀስ ይላቀቃል። አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ሌሊት የሚብስ አዲስ ህመም ከሆነ ግን ይታይ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
"ዲስክ ለምን ያስለቅሳችኋል" ያለችው ገደለኝ። ሳምልኝ።

ከመጀመሪያው ዞሌድሮኒክ በኋላ ሌሊቱን ትኩሳትና ቁርጥማት ቢመጣባት ጉንፋን ይመስላል፣ በ2 በ3 ቀን ይሄዳል፣ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ሁለተኛው ላይ አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ውሃ በደንብ ጠጥታ ትግባ። ጥርሷ ታይቷል?

የበኩር ልጅ፦
ጥርስ? ኧረ ማንም አላለንም። አንድ መንጋጋዋ ተበልቶ ሲያማት ኖሯል፣ ትነቀላለች ስንል እየቆየ ነው። ምን አገናኘው?

ፋርማሲ ጥግ፦
በጣም ይገናኛል፣ ጥሩ ተጠየቀ። ይሄ መርፌ ከተጀመረ በኋላ ጥርስ ሲነቀል የመንጋጋ አጥንት ሳይድን ተጋልጦ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ከደረሰ ግን መከራ ነው። ስለዚህ ነገ ጥርስ ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ መርፌው ምን እንደሆነ ንገረው፣ የሚነቀለው አሁን ይነቀል። ከዚያ ለካንሰር ሐኪሟ ደውልና ቀጠሮው ድዷ እስኪድን ይገፋ በለው፤ ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ችግር የለውም። ሌትሮዞሉ ግን አንድም ቀን አይቁም።